ሽንትን መቆጣጠር ሲሳን፦ የፊኛ አሠራርና የነርስ እንክብካቤ

መግቢያ

ስለ ወባ፣ ስለ ልብ ሕመም ወይም ስለ ስኳር በሽታ በየትኛውም መድረክ በግልጽ እንነጋገራለን። ሽንቱን መቆጣጠር ስላቃተው ሰው ግን እምብዛም አንናገርም። ሕመምተኛው ያፍራል፤ ቤተሰቡ ይሸፍናል፤ አንዳንድ ጊዜም የጤና ባለሙያው ራሱ ሳይጠይቅ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሊድን ወይም ቢያንስ ሊቀልል የሚችል ችግር ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል።

በዚህ ጽሑፍ የሽንት ፊኛ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሽንት የሚያመልጠው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ፣ በነርስ እንክብካቤ ውስጥ ያለው ሳይንስም ምን እንደሚመስል ለመዳሰስ እንሞክራለን። ዋና ምሳሌ አድርገን የወሰድነው በአገራችን ብዙ እናቶችን ለሥቃይ የዳረገውን የወሊድ ፊስቱላ ነው። በዚህ ሕመም የነርሷ ሥራ ከቀዶ ሐኪሙ ሥራ ባልተናነሰ ውጤቱን ይወስናል። ይህ ለምን እንደሆነ ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው በሚችል ስሌት እናሳያለን።

ፊኛ እንዴት ይሠራል?

ኩላሊቶች ደምን እያጣሩ የሚያመነጩት ሽንት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ጠብ ጠብ እያለ ወደ ፊኛ ይወርዳል። አንድ ጤናማ ጎልማሳ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ገደማ ሽንት ያመነጫል። ፊኛ ከብልት አጥንት ኋላ የተቀመጠ፣ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። ይህ ዲትሩሰር የሚባለው ጡንቻ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች አሉት። አብዛኛውን ጊዜ ላልቶ ሽንትን ያጠራቅማል፤ በተወሰነ ሰዓት ደግሞ ተኮማትሮ ያስወጣል። ከበታቹ የሽንት መውጫውን እንደ ቀለበት ከበው የሚዘጉ ጡንቻዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል የውጭው በፈቃዳችን የሚታዘዝ ነው።

በፊኛ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲጠራቀም «ሽንቴ ሊመጣ ነው» የሚለው የመጀመሪያ ስሜት ይሰማናል። መጠኑ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ስሜቱ ይበረታል። መልእክቱ በነርቮች በኩል ወደ ህብለ ሰረሰር የታችኛው ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይደርሳል። በሕፃን ልጅ ፊኛው ሲሞላ የህብለ ሰረሰሩና የታችኛው አንጎል ምላሽ ብቻ ፊኛውን ያኮማትራል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን የፊተኛው አንጎል ፈቃድ ሰጪ ይሆናል፤ ቦታውና ጊዜው እስኪመች ድረስ «ቆይ» ይላል። ስለዚህ ሽንትን መቆጣጠር የፊኛ ሥራ ብቻ አይደለም። ፊኛው፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ ነርቮችና አንጎል ተባብረው የሚያከናውኑት ተግባር ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጎዳ ቁጥጥሩ ይናጋል።

ለመሆኑ ሽንት ለምን ያመልጣል?

ሽንት ማምለጥ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። እንደ መንስኤው በሚከተሉት ዓይነቶች ሊከፈል ይችላል።

1. በጫና ጊዜ የሚያመልጥ፦ ሰውየው ሲያስል፣ ሲስቅ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሳ ሽንት ጠብ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በተደጋጋሚ በወለዱ ሴቶች ላይ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ስለላሉ እንስራ ማንሳት እንኳ ልብስን ሊያረጥብ ይችላል።

2. በችኮላ የሚያመልጥ፦ ስሜቱ በድንገት ይመጣና ሽንት ቤት ሳይደረስ ያመልጣል። የፊኛው ጡንቻ ያለ ጊዜው ይኮማተራል ማለት ነው።

3. ሞልቶ የሚፈስ፦ የፕሮስቴት ዕጢያቸው ባደገ አዛውንቶች፣ ወይም የስኳር በሽታ ነርቮቻቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ ፊኛው በደንብ አይራቆትም። ሕመምተኛው «ሽንቴ ዝም ብሎ ይፈሳል» ቢልም ፊኛው እንደ ሞላ ነው።

4. በአቅም ማጣት የሚያመልጥ፦ ፊኛው ጤናማ ነው። ነገር ግን ጉልበታቸው የታመመ እናት ከግቢ ዳር ወዳለው ሽንት ቤት በሌሊት መድረስ አይችሉም።

5. ያለማቋረጥ የሚፈስ፦ በፊኛና በማህፀን በር መተላለፊያ መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር ሽንት ቀንና ሌሊት ይወርዳል። ይህ ፊስቱላ ይባላል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ስለሚጎዳ ነው። ፊኛን የሚያላላ መድኃኒት በችኮላ ለሚያመልጠው ሊጠቅም ይችላል፤ ፊኛው ሞልቶ ለሚፈሰው ግን ጨርሶ መሽናት እንዲያቅተው ያደርጋል። በአንጻሩ በአራተኛው ዓይነት የተጠቁት እናት የሚያስፈልጋቸው ከአልጋቸው አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖና የሚደግፋቸው ሰው ሊሆን ይችላል። ነርሷ ለመለየት የምትጠቀምበት መሣሪያም ውድ አይደለም። ሕመምተኛው ለ3 ቀናት ያህል የጠጣውን፣ የሸናበትን ሰዓትና መጠን፣ ያመለጠበትንም ጊዜ የሚመዘግብበት ወረቀትና አንድ መለኪያ ጆግ ይበቃታል። መጻፍ ለማይችል ሰው ቤተሰብ ሊመዘግብለት፣ ወይም በየጊዜው ምልክት ሊያደርግ ይችላል።

የወሊድ ፊስቱላ እንዴት ይፈጠራል?

የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ ሲያቅተው ምጡ ለሁለት፣ ለሦስት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ፊኛውና የማህፀን በር መተላለፊያው ግድግዳ በሕፃኑ ጭንቅላትና በእናቲቱ የብልት አጥንት መካከል ተጨፍልቀው ይቆያሉ። የተጨፈለቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ3 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ የሞተው ሥጋ ተቀርፎ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል። ሽንት በዚያ በኩል መፍሰስ ይጀምራል። በአብዛኛው ሕፃኑም በሕይወት አይወለድም። ወደ እግር የሚሄዱ ነርቮችም አብረው ስለሚጎዱ እናቲቱ እግሯን ማንሳት ሊያቅታት ይችላል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ50,000 እስከ 100,000 የሚደርሱ ሴቶች በዚህ ጉዳት ይጠቃሉ። መነሻው አንድ ነው፤ ምጥ ሲጠና በወቅቱ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያደርስ መንገድና ባለሙያ አለመኖሩ።

በአገራችን የዚህ ሕክምና ታሪክ ከሁለት ሐኪሞች ጋር የተያያዘ ነው። ኒውዚላንዳዊው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና አውስትራሊያዊቷ ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማሩ እንደነበሩ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከጊዜ በኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 ዐርፈዋል።

ለርዕሳችን ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላ ገጽታ አለ። በሆስፒታሉ በአስታማሚነት ከተሠማሩት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። በልጅነታቸው በሕመምተኛነት ገብተው በኋላ ቀዶ ሕክምና የተማሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው። ከአንዲት አስታማሚ «እኔም እንደ አንቺ ነበርኩ» የሚል ቃል መስማት ለአዲስ ገቢዋ ሕመምተኛ ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

ከቀዶ ሕክምና በፊት

ወደ ሕክምና የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ ውኃ መጠጣት አቁማ ነው የምትደርሰው። «ካልጠጣሁ አይፈስም» የሚለው አስተሳሰብ በቀላሉ የሚገባ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ትንሽ ውኃ ሲጠጣ ሽንቱ ይወፍራል። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያ ቆዳን ያቃጥላል፤ መጥፎ ጠረንም ያመጣል። ወፍራም ሽንት ውስጥ ያሉ ጨዎች ደግሞ በቆዳ ላይ እንደ አሸዋ ይረጋሉ፤ በፊኛ ውስጥም ጠጠር ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ የነርሷ የመጀመሪያ ትምህርት «ጠጪ» የሚለው ነው። ቀጥሎም ቆዳውን በውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት ያስፈልጋል። ቫዝሊኑ በቆዳውና በሽንቱ መካከል እንደ አጥር ያገለግላል።

ቀዳዳው የት እንዳለ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ለሳይንስ ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። በማህፀን በር መተላለፊያ ውስጥ ንጹሕ ጨርቆች በተርታ ይቀመጣሉ። ከዚያ በሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለ ውኃ በካቴተር ወደ ፊኛ ይገባል። ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው በፊኛው ላይ ነው። ጨርቁ ረጥቦ ቀለም ካልያዘስ? እርጥበቱ ከፊኛው የመጣ አይደለም ማለት ነው። ሽንቱ ፊኛ ከመድረሱ በፊት፣ ከኩላሊት ከሚወርደው ቱቦ ያመለጠ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

ከዚህ በተጨማሪ ደም ማነስ ይታከማል፤ ምግብ ይስተካከላል። ለረጅም ጊዜ ተኮራምታ በመተኛቷ መገጣጠሚያዎቿ የደረቁባት ሕመምተኛም የእንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣታል። ደካማ ሰውነት ስፌትን አይዝም።

ሦስቱ ደንቦች፦ መጠጣት፣ መፍሰስ፣ መድረቅ

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረገው እንክብካቤ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል። ሕመምተኛዋ ትጠጣለች፤ ካቴተሩ ያፈስሳል፤ አልጋው ይደርቃል። ሦስቱም ከተሟሉ ሁሉም መልካም ነው። አንዱ ከጎደለ ግን ነርሷ ወዲያውኑ ምክንያቱን መፈለግ አለባት።

ለምን ወዲያውኑ? ስሌቱን እንመልከት። አንድ ጤናማ ሰው በቀን 1,440 ሚሊ ሊትር ሽንት ያመነጫል እንበል። ይህ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ፊኛው 300 ሚሊ ሊትር ለመያዝ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። የተሰፋች እናት ግን ካቴተሩን ሽንቱ አጥቦ እንዲያጸዳው በቀን 4 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንድትጠጣ ትመከራለች። በቀን 3,600 ሚሊ ሊትር ሽንት ብታመነጭ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ነው። ካቴተሩ በደም ርጋታ ቢዘጋ ወይም ቱቦው ቢታጠፍ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፊኛው 300 ሚሊ ሊትር ይሸከማል። ከጉዳቱ የተነሣ የጠበበና አዲስ የተሰፋ ፊኛ ይህን ያህል ላይችል ይችላል። ስፌቱ ይወጠራል፤ ሊበጠስም ይችላል። ዓመታት የተጠበቀ ፈውስ ነርሷ ሳታየው ባለፈ በሁለት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ የተነሣ ነርሷ በየሰዓቱ፣ በተለይም በሌሊት፣ ካቴተሩን ትፈትሻለች። የመዘጋት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ ጠብታው ይቆማል፤ ሕመምተኛዋ «ሽንቴ መጣ» ትላለች፤ የታችኛው ሆድ ይወጠራል፤ ወይም ከረጢቱ ባዶ ሆኖ አልጋው ይረጥባል። ይህ ሲያጋጥም ነርሷ ቱቦውን ከሕመምተኛዋ ገላ ጀምራ እስከ ከረጢቱ ድረስ በእጇ እየተከተለች የታጠፈ ወይም የተጫነ ቦታ ካለ ታስተካክላለች። ይህ ካልበቃ በታዘዘው መሠረት ከጀርም በጸዳ የጨው ውኃ ቀስ ብላ ታጥበዋለች፤ በኃይል መግፋት ግን አይገባትም። አሁንም ካልፈሰሰ ሐኪም ሳይዘገይ ይጠራል። በአንዳንድ የፊስቱላ ክፍሎች ቱቦው ከአልጋው ሥር ባለ ሳህን ውስጥ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። ሕመምተኛዋ፣ ጎረቤቷና ነርሷ ሁሉም ጠብታውን ማየት እንዲችሉ ነው። «ጠብታው ከቆመ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ጥሪኝ፤ አታፍሪ» የሚለው ምክር ከማንኛውም መሣሪያ አያንስም።

ካቴተሩ ለስንት ቀን ይቆይ? ይህም በጥናት የተመለሰ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ8 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀላል ፊስቱላ የተሰፋላቸውን ሴቶች በሁለት ቡድን መድቦ የ7 ቀንና የ14 ቀን ቆይታን አነጻጽሯል። የ7 ቀኑ ውጤት ከ14 ቀኑ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ለቀላል ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀናት እንዲሆን መክሯል። አንዲት እናት አንድ ሳምንት ቀደም ብላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሌላዋ አልጋ ታገኛለች።

ካቴተር፦ ጠቃሚም አደገኛም

ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው፣ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ፊኛ ያለው ካቴተር የተሠራው በ1930ዎቹ በአሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሌይ ነው። ስሙም በእርሳቸው ተሰይሟል። ይሁን እንጂ ካቴተር ለባክቴሪያም መንገድ ነው። በፊኛ ውስጥ በቆየ በእያንዳንዱ ቀን ባክቴሪያ በሽንት ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ በተለመዱ የሆስፒታል ክፍሎች የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ፦

- ካቴተር የሚገባው በእርግጥ ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያበቃም ወዲያው ይወጣል።
- ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ ይታጠባል።
- ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች ይንጠለጠላል፤ ወለል ግን አይነካም። ከፍ ካለ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛው ይመለሳል።
- ቱቦውና ከረጢቱ ያለ ምክንያት አይለያዩም።
- አልጋን ለማድረቅ ብቻ ተብሎ ካቴተር አይገባም።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሽንት የሚያመልጣቸውን አዛውንት በካቴተር ማኖር ለአስታማሚው ሥራ ያቃልላል፤ ለእርሳቸው ግን ኢንፌክሽን ያመጣል። በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ «አባባ፣ ሽንት ቤት እንሂድ?» ብሎ መደገፍ ድካም ቢኖረውም የተሻለው እንክብካቤ ነው።

ህብለ ሰረሰራቸው በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ የተጎዳ ሰዎች ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው። ከቀደሙት ጊዜያት ጀምሮ እነዚህን ሰዎች ይገድል የነበረው ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን የመኝታ ቁስልና የኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። በፊኛ ውስጥ ግፊት ሲበዛ ሽንት ወደ ኩላሊት ይመለሳልና። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የመሠረቱት ክፍል ሕሙማንን በየሁለት ሰዓቱ በማገላበጥና ፊኛቸውን በጥንቃቄ በመንከባከብ ይህን ታሪክ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ጃክ ላፒደስ አዲስ ዘዴ አስተዋወቁ። ሕመምተኛው በታጠበ እጅና በንጹሕ ካቴተር በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ራሱ ፊኛውን ያራቁታል፤ ከዚያም ካቴተሩን ያወጣዋል። ፊኛው ከመጠን በላይ ሳይወጠር በየጊዜው መራቆቱ ኢንፌክሽንን ከመከላከል አኳያ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ከዚህ እንማራለን። ነርሷ እዚህ ላይ አስተማሪ ናት፤ ዓላማዋም ሕመምተኛው ያለ እርሷ መኖር እንዲችል ነው።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ

ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች አሉ። የፊኛው በር ተጎድቶ ወይም ፊኛው ጠቦ ሊሆን ይችላል። ይህ የቀዶ ሕክምናው ውድቀት ነው ተብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሕመምተኛዋ በየጊዜው የመሽኛ ሰዓቷን በጥቂት ደቂቃዎች እያራዘመች ፊኛዋን ታለማምዳለች። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካዊው ዶክተር አርኖልድ ኬግል የተዋወቀው የዳሌ ወለል ጡንቻዎች እንቅስቃሴም ይረዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሽንትን ለማቆም እንደሚደረገው ጡንቻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ጨብጦ መያዝ፣ ያንኑ ያህል ማላላት፣ ይህንንም በቀን ብዙ ጊዜ መደጋገም ነው። ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ እናቲቱ ዳግም ብታረግዝ በጤና ተቋም በቀዶ ሕክምና መውለድ እንዳለባት እርሷም፣ ባለቤቷም፣ ቤተሰቧም አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ክብርን መጠበቅ የሕክምናው አካል ነው

ሽንት የሚያመልጠው ሰው የሰውን ፊት ያነብባል። ነርሷ አፍንጫዋን ብትይዝ ወይም በሌሎች ፊት «ዛሬም አረጠብሽ?» ብትል ሕመምተኛዋ ከዚያ በኋላ አትናገርም። ያልተነገረ ችግር ደግሞ አይታከምም። በመሆኑም መጋረጃ መጋረድ፣ በዝግታ መጠየቅ፣ «እህቴ» ብሎ መጥራት፣ የረጠበውን ያለ ማጉረምረም መቀየር ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ መረጃ የሚገኝበት መንገድም ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የፊኛ እንክብካቤ በመጀመሪያ እይታ ጨርቅ መቀየርና ቱቦ መመልከት ብቻ ቢመስልም፣ ከበስተጀርባው የፈሳሽ ስሌት፣ የነርቭ ሥርዓት፣ የኬሚስትሪና የባክቴሪያ ሳይንስ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፊስቱላ እንዳይፈጠር መከላከል ነው። በምጥ ላይ ያለች እናት በየጊዜው ሽንቷን እንድትሸና ማድረግ፣ ምጡ ሲጠና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ፣ ከተራዘመ ምጥ በኋላም ካቴተር ለተወሰኑ ቀናት ማቆየት ጉዳቱን ያስቀራል። ገና ከጅምሩ የታወቀ ትንሽ ቀዳዳ በካቴተር ብቻ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ውስጥ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በዚህ ችግር ምክንያት ከሰው ተለይቶ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ይህ ሕክምና ያለው ችግር መሆኑን መንገር የእናንተ ድርሻ ሊሆን ይችላል።

የመመዘኛ ጥያቄዎች

1. ሞልቶ ለሚፈስ ፊኛ ፊኛን የሚያላላ መድኃኒት የማይሰጠው ለምንድን ነው?
2. አንዲት የተሰፋች እናት በቀን 4,800 ሚሊ ሊትር ሽንት ብታመነጭና ካቴተሩ ለ90 ደቂቃ ቢዘጋ በፊኛዋ ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ይጠራቀማል?
3. በቀለም ምርመራ ጨርቁ ረጥቦ ሰማያዊ ካልሆነ ምን ይጠረጠራል?